ዘበኛው ዓሣና ባለ ሽጉጡ ሽሪምፕ



የባሕር ውሃ በመስተዋት ሣጥን ሞልተው፥ ከሥሩ አሸዋ ደልድለውና ድንጋይ ደርድረው፥ በውስጡ ዓሣ የሚያኖሩ ሰዎች ዛሬ በብዙ አገር ይገኛሉ። ሣጥኑ አኳሪየም ይባላል። ከነዚህ ሰዎች መካከል ትዕግሥት ያላቸው፥ መልካቸው ያሸበረቀው ዓሦች ከሚመላለሱበት ዓይናቸውን መልሰው፥ ከታች በአሸዋው ላይ ያለችውን የአንዲት ትንሽ ጉድጓድ ደጃፍ ሰዓት ሙሉ ሲመለከቱ ይውላሉ። በደጃፉ አንድ ዓሣ ቆሟል፤ ከውስጥ አንድ ሽሪምፕ አሸዋ እየገፋ ይወጣል፥ ይመለሳል፥ ደግሞም ይወጣል።

ዓሣው ጎቢ ከሚባለው ሰፊ ነገድ የተወለደ ሲሆን ርዝመቱ ከሰው ጣት እምብዛም አይበልጥም። ሽሪምፑ ባለ ሽጉጥ ሽሪምፕ ይባላል፤ ለምን እንዲህ እንደ ተባለ ወደ ኋላ እንደርስበታለን። ለዛሬው ንግግሬ መነሻ የሆነኝ ግን የሁለቱ ባንድነት መኖር ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ዓሣ አስቀድመው ያውቁት ነበር፤ ሽሪምፑንም ያውቁት ነበር፤ ለሁለቱም ስም አውጥተው በመጽሐፍ አትመዋቸዋል። በቀይ ባሕር ሁለቱ ባንድ ቤት የሚያድሩ መሆናቸው በሳይንስ መጽሔት የተጻፈው ግን ዓሣው ስም ካገኘ ከ121 ዓመት በኋላ ነው። ይህን ያህል ዘመን ምን አዘገየው? የምናወጋው ስለዚህ ነው። ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ ኑሯቸውን እንመልከት። ሽሪምፑ ቆፋሪ ነው። በአሸዋ ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ዕለት ዕለት የሚናድ ስለ ሆነ ሥራው ማለቂያ የለውም፤ በጉጠቶቹ አሸዋውን አቅፎ እንደ ቡልዶዘር እየገፋ ከደጅ አፍስሶት ይመለሳል። ከበድ ያለ የዛጎል ስብርባሪ ያገኘ እንደ ሆነ አንሥቶ በግድግዳው ላይ ይሰካዋል፤ ጣራው እንዳይወርድበት ነው። ነገር ግን ዓይኑ ደካማ ነው፤ ከጉድጓዱ ውጭ ያለውን ጠላት በሩቅ ለይቶ ለማየት አይችልም። ዓሣው ደግሞ የሰላ ዓይን አለው፤ እንዲህ ያለ ቤት ቆፍሮ ለመሥራት ግን አልታደለም። በገላጣው አሸዋ ላይ መሸሸጊያ ያጣ እንደ ሆነ የትልልቅ ዓሦች ቀለብ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ አንደኛው ቤት ሲሠራ ሁለተኛው ይጠብቃል። ዕውሩ ሽባውን ተሸክሞ፥ ሽባውም ለዕውሩ መንገድ እየመራ ሄዱ የሚባለውን ተረት ልጅ ሳለን የሰማን ሁሉ ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም። በአኳሪየም ነጋዴዎች ዘንድም ከነዚህ ጎቢዎች አንዳንዶቹ «ዘበኛ ጎቢ» ተብለው ይሸጣሉ።

የሚነጋገሩበት ዘዴ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። ሽሪምፑ በራሱ ላይ ረዣዥም ጢሞች አሉት፤ ሊቃውንቱ አንቴና ይሏቸዋል፤ ይህን ንግግር በራዲዮ የምትሰሙ ሁሉ ቃሉን ታውቁታላችሁ። ሽሪምፑ ከጉድጓዱ ብቅ ባለ ጊዜ አንዱን አንቴና በዓሣው ገላ ላይ ያሳርፋል፤ ከደጅ እስካለ ድረስም ከዚያ ላይ አያነሣውም ለማለት ይቻላል። ዓሣው የሚያሠጋ ነገር በሩቅ ሲያይ ጅራቱን ቶሎ ቶሎ ያርገበግባል፤ ሽሪምፑም ይህ ንዝረት በአንቴናው ሲደርሰው የያዘውን ሸክም ጥሎ ወደ ኋላ ይመለሳል። አደጋው እጅግ የቀረበ እንደ ሆነ ግን ዘበኛው ራሱ በራሱ ተደፍቶ ወደ ጉድጓዱ ይወረወራል፤ ያን ጊዜ ሌላ ምልክት አያስፈልግም። ዓሣው ከሌለ ሽሪምፑ ወደ ደጅ መውጣቱን በእጅጉ ይቀንሳል። ዛሬ እንዲህ ባለ ማኅበር የሚኖሩ የጎቢ ዓይነቶች ከመቶ በላይ፥ የሽሪምፕ ዓይነቶች ደግሞ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ታውቀዋል።

ይህ ሁሉ የሚደረገው በገደል በተሸሸገ ጥልቅ ባሕር ውስጥ አይደለም። በቀይ ባሕር ዳርቻ፥ ጥልቀቱ ጥቂት ሜትር በሆነ ጥሩ ውሃ ሥር ይታያል። ስለዚህ ሊቃውንቱ ያላዩት መንገዱ ርቆባቸው ነው ለማለት አንችልም፤ መንገዱንም በሕይወታቸው ገዝተውታል።

ከኮፐንሀገን በ1761 የተነሣው የዴንማርክ ንጉሥ መልእክተኞች ጓድ 6 ሰዎች ነበሩበት። ከነርሱ አንዱ የሊኔየስ ደቀ መዝሙር የነበረው ፔህር ፎርስኮል ነው። የቀይ ባሕርን ዓሦች እየሰበሰበ፥ ስማቸውን በዐረብኛ እየጠየቀ፥ መልካቸውን እየጻፈ ተጓዘ። ዓሦቹንም ያስቀመጠበት ዘዴ ልዩ ነበር፤ እንደ ቅጠል በወረቀት ላይ ዘርግቶ አደረቃቸው። ቆዳቸውን ከአንድ ወገን ገፍፎ በወረቀት ላይ የለጠፋቸው እነዚህ ዓሦች ዛሬም በኮፐንሀገን ይገኛሉ። ፎርስኮል በ1763 በየመን በንዳድ ሞተ። ከ6ቱ ሰዎች አገሩ የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ሲሆን፥ የወዳጁን ጽሑፍ በ1775 አሳተመለት።

ከዚህ በኋላ ሁለት ወጣት የጀርመን ሊቃውንት መጡ፤ ቪልሄልም ሄምፕሪሽና ክርስቲያን ኤረንበርግ ይባላሉ። በ1820 ከአገራቸው ወጥተው ግብጽን፥ ሲናንና የቀይ ባሕርን ዳርቻ ዞሩ። ሄምፕሪሽ በሰኔ ወር 1825 ምጽዋ ላይ ትኩሳት ይዞት በ29 ዓመት ዕድሜው ዐረፈ፤ መቃብሩም በዚያው ቀረ። ኤረንበርግ ግን ወደ በርሊን ተመልሶ የሰበሰቡትን አደራጀ። በአልኮል ጠርሙስ ውስጥ ሆነው ከተጓዙት ዓሦች መካከል አንድ ጎቢ ነበር፤ ኤረንበርግ በማስታወሻው ያወጣለትን ስም ፈረንሳዊው ሊቅ ቫለንሲየን ተቀብሎ በ1837 አተመው። ስሙ ክሪፕቶሴንትሩስ ነው፤ በግሪክኛ «ስውር እሾህ» እንደ ማለት ነው። ይህን ስም አድማጮቼ እንዲያስታውሱልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚያው ወራት ከፍራንክፈርት የመጣው ኤድዋርድ ሩፔልም ሌላ ተመሳሳይ ጎቢ ከቀይ ባሕር አግኝቶ በ1830 ጽፏል። ይህ ሩፔል በእኛ ዘንድ የሚታወቀው በዓሣ አይደለም፤ ከምጽዋ ተነሥቶ ጐንደር ድረስ ወጥቶ፥ ዛሬ በፍራንክፈርት ቤተ መጻሕፍት ያሉትን የግዕዝ ብራናዎች ይዞ የተመለሰው እርሱ ነው።

እነዚህን ሰዎች ቸልተኞች ናቸው ብሎ የሚፈርድባቸው ቢኖር እኔ አልተባበረውም። በሽታ እያሳደዳቸው፥ በጀልባ እየተንገላቱ፥ ዓሣ አጥማጁ ያመጣላቸውን ተቀብለው የመዘገቡ ሰዎች ናቸው። ጥፋቱ ያለው በጠርሙሱ ላይ ነው። መረቡ ዓሣውን ሲያወጣ ሽሪምፑ ከጉድጓዱ ግርጌ ይቀራል፤ ሌላ ቀን ድንጋይ ሲፈነቀልና አሸዋ ሲዛቅ ሽሪምፑ ቢገኝ ዓሣው ሸሽቷል። ዓሣው ስለ ዓሣ ወደሚመረምረው ሊቅ፥ ሽሪምፑ ስለ ሸርጣንና ስለ ሽሪምፕ ወደሚመረምረው ሊቅ ይላካል፤ አንዳንድ ጊዜም አንዱ ወደ በርሊን፥ ሌላው ወደ ፓሪስ ይሄዳል። በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህን ለመረዳት ረጅም ሐተታ አያሻውም። የባልና የሚስት ጉዳይ በሁለት ፋይል ተከፍሎ በሁለት መሥሪያ ቤት ቢቀመጥ፥ እያንዳንዱ ፋይል ገጹ ተቈጥሮ የተሟላ ሆኖ ሳለ፥ ባልና ሚስት መሆናቸውን የሚያስታውስ ወረቀት ግን ከሁለቱም ዘንድ ይታጣል።

ሁለተኛው ፋይል የተከፈተው በጅቡቲ ነው ለማለት ይቻላል። ፈረንሳዊው አንሪ ኩቲየር ባለ ሽጉጥ ሽሪምፖችን መመርመር የሕይወት ሥራው አድርጎ የያዘ ሰው ነበር። ከጅቡቲ ስለ መጡት ሽሪምፖች ያዘጋጀውን ጽሑፍ ያወጣው በ1897 ነው፤ ይህ ዓመት ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው የምድር ባቡር ሥራ በዚያችው ወደብ የተጀመረበት ዓመት ነው። እርሱም በኮራሉ ድንጋይ መካከል ይፈልግ ነበር። በ1909 ደግሞ የሆላንዱ ሊቅ ደ ማን ከነዚህ ሽሪምፖች ወገን ለሆነው ለአንዱ «አልፌውስ ጅቡቴንሲስ» የሚል ስም አወጣለት፤ የጅቡቲው አልፌውስ ማለት ነው። እንግዲህ ዓሣው ከ1837 ጀምሮ፥ ሽሪምፑ ከ1909 ጀምሮ በየመጽሐፋቸው ይኖሩ ነበር።

ሁለቱን ለማገናኘት ያስፈለገው ነገር ሕይወት ያለውን ፍጥረት በቤቱ ሳለ መመልከት ነው። ለዚህም ሁለት መንገድ አለ፤ ወይ ሰው ወደ ባሕር መግባት አለበት፥ ወይ ባሕሩ ወደ ሰው ቤት መምጣት አለበት።

ባሕርን ወደ ቤት በማምጣት ሥራ ቀዳሚነት የሴቶች ነው። በሲሲሊ ደሴት በመሲና ትኖር የነበረችው ፈረንሳዊት ዣን ቪልፕሩ ፓወር በ1832 የመስተዋት ሣጥን አሠርታ የባሕር ፍጥረት በውስጡ ትመረምር ነበር። ወይዘሮ አና ቲን የምትባል እንግሊዛዊት ደግሞ በ1846 በአገሯ ደቡብ ባሕር ዳርቻ ያገኘቻቸውን ሕያዋን ኮራሎች ወደ ለንደን ወሰደች። ባሏ በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ካህን ነበር። ኮራሎቹ እንዳይሞቱባት ከባሕር ዳር ውሃ እያስመጣች ትለውጥላቸው ነበር፤ ውሃው ሲያጥርም ያለውን ውሃ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ከፍ አድርጎ በማንቆርቆር አየር እንዲገባበት ታደርግ ነበር። ይህን የማንቆርቆር ሥራ በየቀኑ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ትሠራ የነበረችው የቤት ሠራተኛዋ ናት። የዚህችን ሠራተኛ ክንድ ያሰበ የታሪክ ጸሐፊ ብዙ አላየሁም፤ ዛሬ ግን ያንኑ ሥራ በእያንዳንዱ አኳሪየም ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞተር ይሠራዋል። በ1847 የባሕር ተክል ከኮራሎቹ ጋር በተጨመረ ጊዜ የሠራተኛዋ ድካም ተቃለለ፤ ተክሉ የሚያወጣው አየር ለእንስሶቹ ይበቃ ነበርና።

ከዚህ በኋላ ነገሩ በፍጥነት ተስፋፋ። የለንደን የአራዊት ማኅበር በ1853 ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት ከፈተ። በማግሥቱ ዓመት ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ስለ አኳሪየም የጻፈው መጽሐፍ ወጣ፤ የባሕር ውሃ በሌለበት ከተማ ጨው በመበጥበጥ መሰሉን ማዘጋጀት እንደሚቻልም አስተማረ። የከተማው ሰው ሁሉ ቅርጫትና መዶሻ ይዞ ወደ ባሕር ዳር ጐረፈ። ፍጻሜው አላማረም፤ በእንግሊዝ ዳርቻ ያሉት የድንጋይ ኩሬዎች ተራቈቱ፤ የጎስ ልጅ ኤድመንድ በ1907 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጥፋት በመረረ ኀዘን ጽፎታል፤ አባቱም በሕይወቱ ሳለ እንደ ተጸጸተበት ይናገራል።

ባለ ሽጉጡ ሽሪምፕም በሊቃውንት አኳሪየም ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ግን ብቻውን ነበር። ሃንስ ፕርሺብራም የሚባለው የቪየና ሊቅ ከሁለቱ ጉጠቶቹ ትልቁ ሲቈረጥ የሚሆነውን ተመለከተ። ሽሪምፑ ቅርፊቱን በለወጠ ጊዜ ትንሹ ጉጠት አድጎ የትልቁን ቦታ ይይዛል፤ በተቈረጠው ስፍራ ደግሞ አዲስ ትንሽ ጉጠት ይበቅላል፤ ግራው ቀኝ፥ ቀኙም ግራ ይሆናል። ይህን በ1901 ጻፈ። በ1903 ከባልደረቦቹ ጋር በቪየና አሮጌ የአኳሪየም ሕንፃ ገዝቶ ሕያዋን ፍጥረቶች የሚመረመሩበት ቤት ከፈተ። ነገር ግን ሰውየው ይሁዲ ስለ ነበረ ናዚዎች ኦስትሪያን በያዙ ጊዜ ከገዛ ቤቱ ተባረረ፤ ኋላም ተግዞ በ1944 በቴሬዚየንሽታት ሞተ። ሕንፃውም በሚቀጥለው ዓመት ጦርነቱ ሊያልቅ ሲል ተቃጠለ።

ያው ጦርነት ስለ ሽሪምፑ ሌላ ነገር አስተማረ። የአሜሪካ የባሕር ኀይል የጠላትን ሰርጓጅ መርከብ ለማዳመጥ ማይክሮፎን ወደ ባሕር ሲያወርድ፥ በሞቃት አገር ባሕር ዳርቻ ማዳመጫውን የሚያደነቁር ጩኸት ይሰማ ነበር፤ የሚንጣጣ የደረቀ እንጨት እሳት የሚመስል፥ ሌት ተቀን የማያቋርጥ ድምፅ ነው። ምርመራ ተደረገበት፤ የጩኸቱም ምክንያት ባለ ሽጉጥ ሽሪምፖች ሆነው ተገኙ። ውጤቱ ለሕዝብ የታተመው በ1947 ነው። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ በትክክል የታወቀው ግን በ2000 ነው። ብዙ ሰው የሁለቱ ጣቶች መጋጨት ይመስለው ነበር፤ ነገሩ ሌላ ሆነ። ሽሪምፑ ትልቁን ጉጠት በድንገት ሲዘጋ ውሃ በሰከንድ እስከ 25 ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ይወረወራል፤ በዚህ ፍጥነት ውስጥ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል፤ የሚጮኸው አረፋው ሲፈነዳ ነው። በ1ሺህኛ ሰከንድ ውስጥ በሚያልቀው በዚህ ፍንዳታ ዓይናችን የማያየው የብርሃን ብልጭታ እንደሚወጣ፥ ሙቀቱም ቢያንስ 5 ሺህ ዲግሪ ኬልቪን እንደሚደርስ በ2001 ተገለጠ። ሽጉጥ መባሉ ከቶ አልበዛበትም። ሽሪምፑ በዚህ መሣሪያ የሚበላውን ይገድላል፥ ተቀናቃኙንም ያስፈራራል፤ በዘበኛው ላይ ግን አይተኩስም።

ስለ ጉጠቱ ይህን ያህል ተደከመ፤ ስለ ድምፁም ተደከመ፤ ከጉድጓዱ ደጃፍ ስለ ቆመው ዓሣ ግን የጠየቀ አልነበረም። ጥያቄው የመጣው ሰው ወደ ባሕር ሲገባ ነው። ኩስቶና ጋኛን በውሃ ውስጥ የሚተነፈስበትን መሣሪያ በ1943 ካወጡ በኋላ፥ የጥንቱ ሊቅ ከጀልባው ላይ ሆኖ ሊያየው ያልቻለውን አዲሱ ሊቅ በሆዱ ተኝቶ ከአጠገቡ ይመለከተው ጀመር። ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ሉተር በ1958 በአንድ የእንስሳት ጠባይ መመርመሪያ መጽሔት ላይ ሦስት ገጽ ያህል ጻፈ። የጽሑፉም ጉዳይ በቀይ ባሕር ጎቢዎች ከአንድ ሽሪምፕ ጋር ማኅበር ገብተው የሚኖሩ መሆናቸው ነው። ሽሪምፑ ማን ነው ቢሉ፥ ያ የጅቡቲው አልፌውስ ነበር። ሦስት ገጽ ነው፤ ሁለቱ ፋይሎች የተያያዙት በዚህ ነው።

ሌላው ጀርመናዊ ዲትሪሽ ማግኑስ በግብጽ የቀይ ባሕር ዳርቻ ብዙ ቀን እየጠለቀ ይህንኑ ጉዳይ አስፋፍቶ በ1967 አሳተመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ክላውዜቪትስ የሚባል የዓሣ ሊቅ ከነዚህ ጎቢዎች ለአንዱ ስም ሲያወጣ ማግኑስን ለማክበር ፈለገ፤ ግን ዓሣውን ማግኑስ አላለውም። በላቲን ፊደል የተጻፈውን ስሙን ከኋላ ወደ ፊት ገልብጦ «ሱንጋሚ» አለው። ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ እኔ የምገምተው ብቻ ነው፤ ማግኑስ በላቲን ታላቅ ማለት ስለ ሆነ፥ ጣት የማታክል ዓሣ ታላቅ ተብላ እንዳትጠራ ይሆናል።

ነገር ግን ጠላቂውም ቢሆን የሚያየው ደጃፉን ብቻ ነው። በጉድጓዱ ውስጥ የሚሆነውን ለማየት ወደ መስተዋቱ ሣጥን መመለስ ግድ ነበር። በኤላት ባሕረ ሰላጤ ይሠሩ የነበሩት ካርፕሉስና ባልደረቦቹ በ1972 ያደረጉት ይህንኑ ነው። በአኳሪየም ውስጥ ሰው ሠራሽ ጉድጓድ አዘጋጅተው ሁለቱን ፍጥረቶች አስገቡባቸው፤ በውስጥም እንዴት እንደሚተላለፉ፥ እንዴት እንደሚነካኩ መዘገቡ። የመረጡት ሽሪምፕ የጅቡቲው አልፌውስ ነው። የመረጡት ዓሣ ደግሞ ክሪፕቶሴንትሩስ ነው፤ ሄምፕሪሽ የሞተበት ጉዞ ያስገኘው፥ በ1837 ለብቻው የተመዘገበው ያ ዓሣ። በሁለት ጠርሙስ፥ በሁለት ከተማ፥ በሁለት መጽሐፍ ተለያይተው የኖሩት ሁለቱ ስሞች በአንድ ጽሑፍ ርእስ ላይ ጐን ለጐን ተጻፉ።

እነዚህ ሰዎች በዚያው ዓመት ሌላም ጥያቄ ጠየቁ። ሁለቱም ፍጥረቶች በሕፃንነታቸው ከባሕር ሞገድ ጋር የሚንሳፈፉ ናቸው፤ ወላጅ አያወራርሳቸውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ትውልድ ባልንጀራውን እንደገና ፈልጎ ማግኘት አለበት። በምን ይተዋወቃሉ? በሙከራው እንደ ታየው ዓሣው ሽሪምፑን የሚያገኘው በዓይኑ ነው፤ ሽሪምፑ ግን ዓሣውን የሚያገኘው ከውሃው ጋር በሚመጣለት ሽታ ነው። እያንዳንዱ ባለው መሣሪያ ይፈልጋል። ሁለት ዓመት ቆይተውም በባሕሩ ሥር ያሉትን ጉድጓዶች እንደ ሙጫ ፈስሶ እንደ ድንጋይ በሚጠነክር ነገር እየሞሉ የውስጣቸውን ቅርጽ አውጥተው ለኩ። የጅራቱ ምልክት እንዴት እንደሚሠራም ካርፕሉስ በ1979 ዘርዝሮ ጻፈ።

አሁን ወደ ከተማው ሰው ሳሎን እንመለስ። ሕያው ኮራልና የባሕር ዓሣ በመኖሪያ ቤት ረጅም ጊዜ ማቆየት አስቸጋሪ ሆኖ ኖሯል። በጃካርታ ይኖር የነበረው ሊ ቺን ኤንግ በ1961 የጻፈው መንገዱን ከፈተ፤ ማጣሪያ መሣሪያ በማብዛት ፈንታ፥ ረቂቃን ሕያዋን የሚኖሩበትን ድንጋይ ከባሕር አምጥቶ በሣጥኑ ውስጥ በማኖርና አየር በመንፋት ብቻ ዓሦቹንና ኮራሎቹን ያኖራቸው ነበር። ቆሻሻውን የሚያጠራው ድንጋዩ ላይ ያለው ሕይወት ነው።

ጎቢንና ሽሪምፕን ማኖር ከሌላው ሲነጻጸር ቀላል ነው ይባላል። እጅግ ትልቅ ሣጥን አይፈልጉም፤ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ገደማ፥ ጨዉም በሊትር 35 ግራም ያህል ሆኖ ሳይዋዥቅ ቢቆይ ይበቃል። ውሃው ሲተን ጨዉ ስለሚቀር የሚጨመረው ጨው የሌለው ንጹሕ ውሃ ነው፤ ይህን የሚረሱ ጀማሪዎች ብዙ ናቸው። አሸዋው የላመ ብቻ እንዳይሆን የዛጎልና የኮራል ስብርባሪ ይቀላቀልበታል፤ አለዚያ ጣራው አይቆምም። ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ድንጋዩን በአሸዋው ላይ መደርደር ነው፤ ሽሪምፑ ሌሊት ከሥሩ ሲቆፍር ድንጋዩ ተንዶ ቆፋሪውንም ዘበኛውንም ይደፍቃቸዋል። ስለዚህ ድንጋዩ አስቀድሞ በሣጥኑ ወለል ላይ ይቀመጥና አሸዋው ኋላ ይፈስበታል። ዓሣው ሲደነግጥ ከውሃ የሚዘል በመሆኑ ክዳን ያስፈልጋል። ሁለቱ በተለያየ ቀን ቢገዙም፥ በአንድ ሣጥን ከገቡ አንዳንዴ በሰዓት፥ አንዳንዴ በሳምንት ይገናኛሉ፤ ግን ማንኛውም ጎቢ ከማንኛውም ሽሪምፕ ጋር አይስማማምና አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የባሕር ዓሣ ለአኳሪየም ከሚልኩት አገሮች ዋነኞቹ ኢንዶኔዥያና ፊሊፒንስ ናቸው፤ በዚያም አንዳንድ አጥማጆች ዓሣውን ለማደንዘዝ ሲያናይድ በኮራሉ ላይ ይረጩ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ መርዙ የሚያዘውንም የማይያዘውንም ይጐዳል። የእንግሊዝ ኩሬዎች የደረሰባቸውን ጎስ በዓይኑ አይቷል። ዛሬ ከነዚህ ጎቢዎች አንዳንዶቹ በሰው እጅ ተራብተው ስለሚሸጡ፥ ገዢው ከየት እንደ መጣ ቢጠይቅ ሻጩ ሊመልስለት የሚችለው ጥያቄ ነው።

ሽሪምፑ የሞተበት ጎቢ ምን ያደርጋል ብለው የሚጠይቁ አሉ። ብዙ ጊዜ ከዚያው ጉድጓድ ይሰነብታል፤ ነገር ግን አሸዋውን የሚጠርግ የለምና ደጃፉ ቀን በቀን እየጠበበ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ዓሣው ከድንጋይ ሥር ሌላ መጠጊያ ይፈልጋል። አዲስ ሽሪምፕ በተገኘለት ጊዜ፥ ባለቤቱ የዚያን ዕለት ምሽት መብራቱን አጥፍቶ ቢተኛ ይሻላል። በማግሥቱ ከድንጋዩ ሥር ትኩስ የአሸዋ ቁልል ከታየ፥ ዘበኛውም ከቁልሉ ራስጌ ቆሞ ከተገኘ፥ ሽሪምፑ ከውስጥ አለ ማለት ነው።